ለነገሌ ቤት የኮኮናት ወለል?
ነገሌ ቦረና ቤት የሚያሠሩ ደንበኞች ስለ ኮኮናት ጣውላ ይጠይቁኛል። ፎቶው ያማልላል፤ እንጨቱም ፍሬው ከቀነሰ፣ 60 ዓመት ካለፈው ዛፍ ስለሚወጣ ደን አያስመነጥርም። ለሞምባሳ ሰዎች ደጃቸው ላይ ስለሚበቅል ያዋጣቸው ይሆናል። እዚህ ግን ማጓጓዣው ብቻ ዋጋውን ይውጠዋል።

ደግሞ ኮኮናት ዘንባባ ነው፤ ዘንባባ እንደ ሌላው ዛፍ አይደለም። የዕድገት ቀለበት የለውም፤ ጥንካሬው ከውጭ በኩል ነው። የዳሩ እንጨት በሜትር ኩብ ከ600 ኪሎ በላይ ሲመዝን መሃሉ ከ400 በታች ይወርዳል። ለወለል የሚሆነው ዳሩ ነው፤ እሱም መድኃኒት ሳይጠጣ አፈር ከነካ የምስጥ ቀለብ ነው።

የእኛ ጥድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ነጩ ዳሩ ይበላል፣ ቀዩን ውስጡን ምስጥ አይደፍረውም። ለአጥር ቋሚ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የነገሌ፣ የአሬሮና የያቤሎ ጥድ እጅግ በዝግታ ያድጋል። ለወለል ብሎ የቆመ ጥድ መቁረጥ፣ በእኔ እምነት፣ ነውር ነው።

ወለሉን ሲሚንቶ አድርጉት። እንጨት የግድ ካላችሁ ከፈረሰ ቤት የወጣ የጥድ ምሰሶ ገዝታችሁ አሰንጥቁ (ሚስማሩን አስቀድማችሁ ንቀሉ፣ ያለዚያ ከባለ መጋዙ ጋር ትጣላላችሁ)። የቤቱ ቋሚ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም እንጂ አፈር ውስጥ አይቀበር።