ድርቅ ያስተማረው በጀት

መንግሥት ለአደጋ ገንዘብ የሚመድበው መቼ ነው? በአገራችን ላለፉት 50 ዓመታት መልሱ በአብዛኛው «ሰው ካለቀ በኋላ» ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው የወሎ ረሃብ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1966 ነበር። ኮሚሽኑ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘርግቶ የ1977ቱን ረሃብ አስቀድሞ ተናገረ። ደርግ ግን ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ላይ ነበር።

አስቀድሞ ከመዘጋጀት ሙከራዎች እኔን የሚገርመኝ ብዙም ያልተወራለት የመጠባበቂያ እህል ክምችት ነው። ለጋሽ አገር ስንዴ እሰጣለሁ ካለ በኋላ መርከቡ ወደብ ደርሶ፣ ጭነቱ መሀል አገር እስኪገባ ወራት ይፈጃል። የተራበ ሰው ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ እህሉ ከኮምቦልቻ ወይም ከናዝሬት መጋዘን በብድር ይወጣል፣ የለጋሹ ስንዴ ሲገባ ይተካል። ተበዳሪው ካልመለሰ መጋዘኑ ይራቆታል፤ ችግሩም ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት ደግሞ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ድርቅ መጣም አልመጣም፣ በየዓመቱ መደገፍ ጀመረ። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል። ገንዘቡ በአብዛኛው የለጋሽ ቢሆንም አስቀድሞ የታቀደ ነበር። በ2008ቱ ኤልኒኞ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ጠባቂ ሲሆን የ1977ቱ ዓይነት እልቂት ሳይደርስ የቀረው አንድም በሴፍቲኔቱ፣ አንድም መንግሥት ከራሱ ካዝና ስንዴ በመግዛቱ ይመስለኛል።

ድርቅ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ጎርፍና ናዳ ፋታ አይሰጡም፤ ለእነሱ የሚወጣው ገንዘብም አሁንም ቀብርን ተከትሎ ይመጣል። በሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፤ በመጋቢት 2009 የአዲስ አበባው የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰው አለቀ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነው ደግሞ ይብሳል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤቱ በአካፋና በባዶ እጁ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ አዳኞቹንም ደርቦ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ መሆኑ ይታወቃል፤ ኤክስካቫተር ግዙ ማለት ቀልድ ነው። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ብር የምሰጠው ቁልቁለቱን አይቶ «ገና አልቆመም፣ ራቁ» ለሚል አንድ የሠለጠነ ሰውና ለድምፅ ማጉያው ነው።