የጽድ አጥር ለምን ይደርቃል? የማይረግፉ የጌጥ ቁጥቋጦዎች ተባዮችና መከላከያቸው

በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ የኢትዮጵያ ከተሞች የመኖሪያ ግቢዎችን፣ ትምህርት ቤቶችን፣ አብያተ ክርስቲያናትንና መሥሪያ ቤቶችን ዙሪያቸውን የሚያጥሩት ቁጥቋጦዎች በአብዛኛው ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆነው የሚቆዩ ናቸው። የፈረንጅ ጽድ፣ ዱራንታ፣ ሂቢስከስ፣ ቡገንቪሊያና አገር በቀሉ አጋም ከእነዚህ መካከል የሚጠቀሱ ሲሆን፣ ለግቢ ውበት የሚያስመርጣቸው የማይረግፍ ቅጠላቸው ለተባይም የማይቋረጥ ምግብና መጠለያ ይሆናል። ቅጠሉን በየዓመቱ የሚያራግፍ ተክል ከቅጠሉ ጋር የተባዩንም ከፊል ጥሎ በአዲስ ቅጠል ሲጀምር፣ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ግን አንድ ጊዜ የገባበትን ተባይ ከወቅት ወደ ወቅት ተሸክሞ ይዘልቃል፤ ጉዳቱም ቀስ በቀስ ስለሚከማች ለዓይን የሚታየው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የአጥር ተክልን ለማዳን የመጀመሪያው ሥራ ተባዩን መለየት ሲሆን፣ መድኃኒት መምረጥ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ተባዩን ሳይለዩ የሚረጭ ኬሚካል ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ሊበልጥ እንደሚችል ከዚህ በታች የሚቀርቡት ማስረጃዎች ያሳያሉ።

የፈረንጅ ጽድና ክሽክሹ

የፈረንጅ ጽድ የትውልድ ቦታው ሜክሲኮና ማዕከላዊ አሜሪካ ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አካባቢዎች ለጣውላና ለአጥር በብዛት የተተከለ ዛፍ ነው። ይህን ዛፍ ከሚያጠቁት ተባዮች ሁሉ የከፋው የጽድ ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ የሚባሉት ነፍሳት ሰውነታቸው ለስላሳ የሆነ፣ መርፌ መሰል አፋቸውን በተክል ውስጥ ሰክተው ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። የጽድ ክሽክሽ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ቡናማ ወይም ብርቱካንማ ቡናማ መልክ ያለው፣ በጀርባው ላይ ጠቆር ያለ ምልክት የሚታይበትና በቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ በመንጋ ሰፍሮ የሚኖር ሲሆን፣ መልኩ ከቅርንጫፉ ቅርፊት ጋር ስለሚመሳሰል በጥሞና ለማይመለከት ሰው በቀላሉ አይታይም።

ይህ ክሽክሽ በአፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በታንዛኒያ፣ በብሩንዲ፣ በሩዋንዳና በዩጋንዳ ተዛምቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በኢትዮጵያ መኖሩ ተረጋገጠ። በማላዊ የፈረንጅ ጽድ ተክልን ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ ብሔራዊ ዛፍ የሆነውን የሙላንጄ ሴዳርንም አጥቅቷል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት በአፍሪካ ይህን ጉዳት ያደረሰው ክሽክሽ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑንና መነሻውም ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን እስከ ካስፒያን ባሕር ያለው አካባቢ እንደሚመስል ገልጸዋል።

የጽድ ክሽክሽ ጉዳት ጭማቂ በመምጠጥ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ በሚመጥበት ጊዜ ወደ ተክሉ የሚያስገባው ምራቅ ለተክሉ መርዛማ በመሆኑ ቅርንጫፉ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎም ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። በሞቃት አገር ሴቶቹ ያለ ወንድ እርዳታ ሕያው ልጆችን ስለሚወልዱና አንድ ትውልድ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ስለሚደርስ፣ ጥቂት ክሽክሾች በአጭር ጊዜ ውስጥ ትልቅ መንጋ ይሆናሉ። ለባለ ግቢው ከሁሉም በላይ ማስተዋል የሚገባው ግን ቅርንጫፉ ቡናማ ሆኖ በሚታይበት ጊዜ ክሽክሹ ብዙ ጊዜ ከዚያ ቦታ ለቆ የሄደ መሆኑ ነው። በመሆኑም የደረቀውን ቦታ መርጨት ከንቱ ድካም ሲሆን፣ መፈተሽ ያለበት በደረቀውና በለመለመው መካከል ያለው ድንበርና ገና አረንጓዴ የሆነው የአጥሩ ክፍል ነው። በዚህ ላይ የጽድ ዛፍ እንደ ዱራንታ ወይም እንደ ሂቢስከስ ከአሮጌ እንጨቱ እንደገና አያቆጠቁጥም፤ ቅጠሉን ያጣ ቅርንጫፍ እስከ እንጨቱ ተቆርጦ ቢወርድም ክፍተቱ ሳይሞላ ይቀራል። በጊዜ መለየት ለሌላው ቁጥቋጦ ጠቃሚ ከሆነ ለጽድ የግድ አስፈላጊ ነው።

ምልክቱን ማንበብ

የአጥር ተክል ተባዮች በሚያደርሱት ጉዳት በሦስት ዋና ዋና ክፍሎች ሊመደቡ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ ጭማቂ መጣጮች ሲሆኑ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ሚሊበግና ስኬል በዚህ ክፍል ይጠቃለላሉ። ከእነዚህ ነፍሳት ብዙዎቹ የመጠጡትን ትርፍ ስኳር የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ አድርገው ያስወጣሉ፤ በዚህ ፈሳሽ ላይ ጥላሸት የሚመስል ጥቁር ሻጋታ ይበቅልና ቅጠሉን ከፀሐይ ብርሃን ይጋርደዋል። ሻጋታው ራሱ ዋናው በሽታ ስላልሆነ ፀረ ፈንገስ መርጨት አያስፈልግም፤ መጣጩ ነፍሳት ሲወገድ ሻጋታውም ደርቆ ይረግፋል። ጉንዳኖች ይህን ፈሳሽ ለመሰብሰብ ሲሉ መጣጮቹን ከጠላቶቻቸው ስለሚጠብቁ፣ በግንዱ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለስ የጉንዳን ሰልፍ ሲታይ ከላይ መጣጭ ነፍሳት መኖሩን መጠርጠር ተገቢ ነው።

መጣጮቹ እርስ በርሳቸው የሚለዩበት መንገድም አስቸጋሪ አይደለም። ነጭ ዝንብ በቅጠሉ ሥር ተለጥፎ የሚኖርና ቅርንጫፉ ሲነካ በመንጋ የሚነሣ ሲሆን፣ ሚሊበግ በቅጠልና በቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ እንደ ጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ ይታያል። ስኬል የሚባለው ደግሞ ሰውነቱን በቅርፊት ሸፍኖ በአንድ ቦታ ተጣብቆ የሚኖር ነፍሳት በመሆኑ ብዙ ሰው የተክሉ እብጠት ወይም ጠባሳ እንጂ ሕይወት ያለው ነገር አይመስለውም። በጥፍር ተፍቆ ከሥሩ እርጥበት ከታየ ሕያው ነው፤ ደርቆ እንደ ገለባ ከተነሣ ግን የሞተ ነው። ሁሉም ስኬል ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያስወጣ ባለመሆኑ፣ ቅርፊተ ጠንካራዎቹ ዓይነቶች ያለ ጥላሸትና ያለ ጉንዳን ቅርንጫፍን ሊያደርቁ ይችላሉ።

ሁለተኛው ክፍል በተለምዶ ቀይ ሸረሪት እየተባለ የሚጠራው ማይት ነው። ማይት ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት አይደለም፤ ርዝመቱም ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ ከራሱ ይልቅ ምልክቱ ቀድሞ ይታወቃል። ቅጠሉ በመርፌ የተወጋ በሚመስሉ ጥቃቅን ፈዛዛ ነጠብጣቦች ይሸፈናል፣ ቆይቶም ቀጭን ድር ይታይበታል። አስተማማኙ መፈተሻ ነጭ ወረቀት ከቅርንጫፉ ሥር ይዞ ቅርንጫፉን መምታትና በወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች መኖራቸውን መመልከት ነው። ማይት በሞቃትና በደረቅ አየር በፍጥነት ስለሚራባ፣ በበጋ ወራት የመንገድ አቧራ የሚያገኘው አጥር ይበልጥ ይጠቃል።

ሦስተኛው ክፍል ቅጠል የሚበሉት ሲሆኑ፣ አባጨጓሬዎችና ጥንዚዛዎች እዚህ ላይ ይጠቀሳሉ። ከአባጨጓሬዎች መካከል ከቅጠልና ከስንጥር የሠራውን ከረጢት ለብሶ የሚንጠለጠል ዓይነት ስላለ፣ ከረጢቱ የጽድ ፍሬ ተደርጎ እንዳይቆጠር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በአንጻሩ ቡናማ የሆነ ቅርንጫፍ ሁሉ የተባይ ሥራ አይደለም። በጽድ አጥር ውስጠኛ ክፍል ብርሃን ያጡ ቅጠሎች መድረቃቸው የተፈጥሮ ሂደት ሲሆን፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ በአንድ ጎን ብቻ የሚታይ መድረቅ ከውሻ ሽንት ሊመጣ ይችላል። ከአጥሩ ሥር የፈሰሰ ሲሚንቶ ወይም ኖራ፣ ለግንባታ የተቆረጠ ሥርና የውኃ እጥረትም ተመሳሳይ መልክ ያስከትላሉ። ከነዚህ አንዱ ምክንያት ከሆነ ፀረ ተባይ መርጨት ገንዘብ ከማባከን ያለፈ ጥቅም አይኖረውም።

ከቀላሉ ወደ ጠንካራው

ተባዩ ከታወቀ በኋላ ሕክምናው ከቀላሉ መጀመር ይኖርበታል። ክሽክሽና ማይት በኃይል በሚወርድ ውኃ ታጥበው ሊረግፉ ይችላሉ፤ ከረጢት ለባሹ አባጨጓሬ በእጅ ተለቅሞ ይወገዳል፤ በስኬል ክፉኛ የተወረረ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ይቃጠላል። ይህ ካልበቃ የሳሙና ውሁድ ቀጣዩ አማራጭ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ተበጥብጦ የቅጠሉን ሥር ጨምሮ ተባዩ ባለበት ቦታ ሁሉ ሲረጭ፣ ለስላሳ ሰውነት ያላቸውን ነፍሳት ይገድላል። ሳሙናው የሚሠራው እርጥብ ሆኖ ተባዩን ሲነካ ብቻ ስለሆነ በየሳምንቱ መደጋገም ያስፈልጋል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ቅጠል ስለሚያቃጥል መወገድ አለበት፤ ማንኛውም ውሁድ አስቀድሞ በጥቂት ቅርንጫፎች ላይ ተሞክሮ ሁለት ቀን ያህል ከታየ በኋላ፣ በጠዋት ወይም ወደ ማምሻው ቢረጭ የጉዳቱ ዕድል ይቀንሳል።

ስኬልን ለማጥፋት የአትክልት ዘይት መርጨት ከሳሙና ይበልጥ ይረዳል፤ ዘይቱ ነፍሳቱ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ደፍኖ ያፍነዋልና። ቅርፊት ገና ያልለበሱትና በእግራቸው የሚንቀሳቀሱት ጫጩቶች በሚታዩበት ጊዜ መርጨት ውጤቱን ያሻሽለዋል። ሰማያዊ መልክ ባላቸው የጽድ ዓይነቶች ላይ ግን ዘይት የቅጠሉን ሰም አጥቦ መልኩን ስለሚቀይር አይመከርም። ከኒም ፍሬ የሚገኘው መድኃኒት የነፍሳቱን ቆዳ የመቀየር ሂደት ስለሚያውክ ዘግይቶ ቢሆንም ይሠራል፤ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ገና ትንንሽ በሆኑ አባጨጓሬዎች ላይ ውጤታማ ሲሆን ንቦችን አይጎዳም።

ጠንካራ ኬሚካሎች የመጨረሻው አማራጭ የሚሆኑበት ምክንያት ዋጋቸው ወይም አደገኛነታቸው ብቻ ሳይሆን፣ የተባዩን ጠላቶችም አብረው ስለሚገድሉ ነው። በካሊፎርኒያ የብርቱካን ተክልን ሊያጠፋ ተቃርቦ የነበረውን ጥጥ ለባሽ ስኬል ያሸነፈችው እ.ኤ.አ. በ1888 ከአውስትራሊያ የተወሰደች ትንሽ ጥንዚዛ ነበረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬዎች ዲዲቲ የተባለውን ፀረ ተባይ ሲረጩ ጥንዚዛዋ አለቀችና ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ተረስቶ የነበረው ስኬል ተመልሶ ተነሣ። በአፍሪካም የጽድ ክሽክሽን ለመቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከአውሮፓ አንዲት ጥገኛ ተርብ መጥታ በማላዊ ተለቃለች። ተርቧ እንቁላሏን በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ ስለምትጥል፣ የተፈለፈለው ትል ክሽክሹን ከውስጥ በልቶ ይጨርሰዋል። በቅርንጫፍ ላይ ያበጡ፣ የደረቁና ክብ ቀዳዳ ያላቸው ክሽክሾች ከታዩ እንዲህ ያሉ ተርቦች በሥራ ላይ ናቸው ማለት ነውና፣ መርጨቱን ማቆየት ይሻላል።

በሥር ተመጥጠው በተክሉ ሰውነት ሁሉ የሚሰራጩ መድኃኒቶች ለክሽክሽ ውጤታማ ቢሆኑም፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኢሚዳክሎፕሪድ ንቦችን ስለሚጎዳ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ከቤት ውጭ በሚበቅሉ ሰብሎች ላይ ጥቅም ላይ እንዳይውል አግዷል። አበባ ለሚያወጡ እንደ ሂቢስከስና ዱራንታ ላሉ ቁጥቋጦዎች ይህ ሊታሰብበት ይገባል። በኢትዮጵያ የፀረ ተባይ አቅርቦትና አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 674/2002 የሚመራ ሲሆን፣ ያልተመዘገበ ወይም በውኃ ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጥ ኬሚካል መግዛት አደገኛ ነው። በብዙ ግቢዎች ጤና አዳም፣ ጎመንና ጌሾ ከአጥሩ ሥር ስለሚበቅሉ፣ ለአጥር የተረጨ ኬሚካል ወደ ማዕድ የሚገባበት መንገድ አጭር ነው። የሚረጨው ሰው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ማድረግ፣ ነፋስ ሲኖር አለመርጨትና ባዶውን ዕቃ ለሌላ ጥቅም አለማዋል ይጠበቅበታል።

ከተባይ የሚቀድም ጥንቃቄ

የተጠማ ተክል ለተባይ ይበልጥ ስለሚጋለጥ፣ በበጋ ወራት ሥሩን በደንብ የሚያርስ ውኃ አልፎ አልፎ ማጠጣት በየቀኑ ላዩን ከማርጠብ ይሻላል። ዩሪያን ከመጠን በላይ መጨመር ግን ክሽክሽ የሚወደውን ለስላሳ እድገት ያበዛል። አጥሩ ሲከረከም ታችኛው ክፍል ከላይኛው ሰፋ ብሎ ቢቀረጽ ብርሃን እስከ ሥር ይደርሳል፤ አዲስ አጥር የሚተክል ደግሞ ችግኙን ከችግኝ ጣቢያ ሲገዛ የቅጠሉን ሥር አገላብጦ መመልከትና አንድ ዓይነት ተክል ብቻ ከመደርደር ይልቅ ማቀላቀል ይጠቅመዋል፤ በአንድ ዝርያ ብቻ የተሞላ አጥር አንድ ተባይ ሲገባበት ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላልና።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። የአጥር ባለቤት ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ አጥሩን ገለጥ አድርጎ ይመልከት፤ ያየውን ተባይ ይለይ፤ ከውኃና ከሳሙና ይጀምር፤ ጠንካራ ኬሚካል የሚገዛውም የሚያጠፋውን ተባይ በስሙ መጥራት ሲችል ብቻ ይሁን።