መንግሥት ለኪነ ጥበብ ለምን ገንዘብ ያወጣል?

«የቤት ኪራይ እያስጨነቀን፣ ኡልፓን እንኳ ሳንጨርስ፣ መንግሥት ለዘፈንና ለቴአትር ገንዘብ ማውጣቱ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን በመጀመሪያ ከኢየሩሳሌም ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ አንድ ታሪክ እናስታውስ።

እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆችን አዩ። አርባዎቹን አዲስ አበባ አስመጥተው፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን የተባለ አርመናዊ መምህር ሾመውላቸው፣ የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ አደረጓቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በኋላም የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ተደራጁ፤ በ1955 ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ተከፈተ። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርተዋል። መሣሪያውን የገዛው፣ መምህሩን የቀጠረው፣ ደመወዙን የከፈለው መንግሥት ነበር።

በ1969 አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ፣ ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከ1997 ወዲህ ደግሞ ያ ሙዚቃ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ፓሪስ እየታተመ በዓለም ገበያ ይሸጣል።

እንግዲህ የኢኮኖሚው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ ብቻውን ዘፋኝ ለማሠልጠን አሥር ዓመት ገንዘቡን አያፈስም። የሠለጠነው ሰው ነገ ወደ ሌላ ቤት ሊሄድ ይችላልና፤ ትርፉም ለሌላው ይሆናል። አምኃም ሆነ ፈረንሳዮቹ ያጨዱት ሌላ የዘራውን ነው። ዘሩን የሚዘራ የጋራ ኪስ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። (ዘሪው ምርቱን እንደሚበላ ግን ዋስትና የለም። ፓሪስ የደረሰው ገንዘብ ስንቱ አዲስ አበባ ተመለሰ ብሎ መጠየቅም ይገባል።)

ሁለተኛው ምክንያት የጊዜ ነገር ነው። ባውሞልና ቦወን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኢኮኖሚ ምሁራን በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ፋብሪካ በመኪና ኃይል በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዓመት ዓመት ብዙ ያመርታል፤ አራት ሰው የሚጫወተው ሙዚቃ ግን ዛሬም አራት ሰውና ያንኑ ሰዓት ይጠይቃል። ማሲንቆም እንዲሁ ነው። አያቶቻችን በፈጀባቸው ጊዜ እንጂ ባነሰ አይለመድም። የመምህሩ የቤት ኪራይና የገበያ ወጪ ግን ከሌላው ሠራተኛ እኩል ይጨምራል። ልዩነቱን ወላጅ ብቻውን ይክፈል ከተባለ የሚማረው የሀብታም ልጅ ብቻ ይሆናል። ማሲንቆ የሚያውቁ ሽማግሌዎቻችንም ሳያስተምሩ ያልፋሉ።

በከተማችን በአሽዶድ ምስክር አለን። ከሞሮኮና ከሌሎች የሰሜን አፍሪካ አገሮች የመጡት ዖሊም ዜማቸውን በምኩራብና በሠርግ ቤት ይዘውት ነበር። በ1994 የአንዳሉሲያ ኦርኬስትራ እዚሁ ከተማ ተቋቋመ፤ በ2006 የእስራኤልን ሽልማት ተቀበለ። ከተጫዋቾቹ መካከል ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት የመጡ ብዙ ሙዚቀኞች ነበሩበት። የሞሮኮ አያቶች ዜማ ለሩሲያ ቫዮሊን ተጫዋች እንጀራ ሆነ ማለት ነው። የእኛም ጅምር አለ። በኢየሩሳሌም የሁለገብ ፌስቲቫል ከ2010 ጀምሮ የኢትዮጵያ ይሁዲዎችን ሙዚቃ፣ ቴአትርና ውዝዋዜ መድረክ ላይ ሲያወጣ ቆይቷል።

አንዳንድ የኪነ ጥበብ ደጋፊዎች «አንድ ሸቀል ሦስት ሆኖ ይመለሳል» ይላሉ። ይህን ክርክር ይዞ ዒሪያ መሄድ አልመክርም። ቴአትር ያልገባ ሰው ገንዘቡን ካፌ ወይም ኳስ ሜዳ ያወጣዋልና፣ ሒሳቡን የሚያውቅ ሹም ወዲያው ያፈርሰዋል። «የባህሉን ገንዘብ ለቤት ስጡን» ማለትም ብዙ አያስገኝም። የመንግሥት የባህል ድርሻ ከበጀቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

ደግሞም ልመና አይደለም። የጤፍ ዱቄት ስንገዛ ከጥር 2025 ጀምሮ 18 ከመቶ ማዓም እንከፍላለን፤ ከዚያ ኪስ ነው ለኦፔራውም ለኦርኬስትራውም የሚወጣው።

የመንግሥት ድጋፍ በጽሑፍ በወጣ መመዘኛ፣ «ሚብሐኔ ትሚኻ» በሚባለው፣ ለተቋም ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ጥሩ ማሲንቆ መቺ መሆን ብቻውን አይበቃም። ዓሙታ ለማቋቋም ሁለት ሰው ይበቃል፤ በራሻም ሃዓሙቶት ይመዘገባል፤ ከዚያም ሒሳብን በየዓመቱ ማቅረብና «ኒሁል ታኪን» የሚባለውን ማረጋገጫ መያዝ ያስፈልጋል። ብዙ የእኛ ሰዎች የሚወድቁት ሙዚቃው ላይ ሳይሆን እዚህ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱን የሚያውቅ ሰው፣ ወይም ዕብራይስጥ የለመደ ልጅ፣ ከሽማግሌው አጠገብ ይቀመጥ።

ዓሙታ የከበደው ከማትናስ ይጀምር። ሑግ የሚከፈተው በቂ ልጅ ሲመዘገብ ነውና፣ አንድ ወላጅ ብቻውን ከሚጠይቅ አሥር ወላጆች ስማቸውን በአንድ ወረቀት ጽፈው፣ የትምህርት ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት በበጋው ወራት ለአስተባባሪዋ ያስረክቡ። የሚያስተምሩትን ሽማግሌ ስምም እዚያው ላይ ይጻፉ።