የቀዝቃዛ ውሃ ሥራ

በጣና ሐይቅ አካባቢ የምትገኘው የሐሙሲት ከተማ እናቶች እንዶድን ያውቁታል። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፤ ደርቆ ይወቀጣል፤ ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በአረፋው ነው። ብልሃርዝያ የተባለው በሽታም በጣና ዙሪያ ላሉ ቀበሌዎች የቅርብ ጠላት ነው። የሁለቱ ዝምድና የታየው ግን ዓድዋ ላይ ነበር።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ የብልሃርዝያን ትል የሚያሳድጉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወንዝ ወረዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈዋል። ሕያዋኑን በዕቃ ሰብስበው አንዷን አጣቢ አረፋውን እንድትጨምርበት ለመኗት። ጨመረችበት፤ ሞቱ።

ገዳዩ ምንድን ነው? በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከፍሬው ሳፖኒን ከሚባሉት አረፋ ሰጪ ውህዶች አንዱን ለይተው በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን አሉት። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር።

አላለቀም። በ1980ዎቹ በስዊዘርላንድ፣ ሎዛን፣ የኩርት ሆስቴትማን ቡድን ከፍሬው ሳፖኒኑን ሜታኖል በተባለ አልኮልም በውሃም አወጣ። ሜታኖል ያወጣው ሳፖኒን ቀንድ አውጣ አይገድልም፤ ውሃ ያወጣው ይገድላል። ፍሬው አንድ፣ ውጤቱ ሁለት! በደረቁ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት ወገኑ የስኳር ሰንሰለት አለበት፤ በዚህ መልኩ ጉዳት የለውም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የፍሬው የራሱ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጣል፤ መርዙ የሚወለደው ያኔ ነው። ሜታኖል ኢንዛይሙን ሥራ ያስፈታዋል፤ ብርቱ ሙቀትም እንዲሁ። እኔን እጅግ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ አጣቢዎቹ በወንዝ ውሃ ሲያሹት ትክክለኛውን ኬሚስትሪ ይሠሩ ነበር።

አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለእንዶድ ምርምራቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

የሎዛን ቡድን እንዳደረገው ውህድን ከናሙና ማውጣት ዛሬ ፈጥኗል፤ ቤተ ሙከራዎች ከጠጣር ናሙና ውስጥ የሚፈልጉትን የሚያወጡበት ፈጣን መሣሪያ አላቸው። በ1879 የተፈለሰፈው የሶክስሌት መሣሪያ ለሰዓታት የሚለፋበትን፣ ዳዮኔክስ ኩባንያ በ1995 ገበያ ያወጣው መሣሪያ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። አሟሚውን ፈሳሽ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቀዋል፤ 100 ከባቢ አየር የሚያህል ግፊት ደግሞ ከመፍያ ነጥቡ አልፎም እንዳይተን ይይዘዋል። የጋለው ፈሳሽ ስለሚቀጥን ወደ ናሙናው ቀዳዳዎች ጠልቆ ይገባል። በአፈር ውስጥ የቀረ ፀረ ተባይ ለመፈለግ ድንቅ ነው።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ከልብ እመኛለሁ። የእንዶድ ዱቄት ግን በቀጥታ አይግባበት፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ቀድሞ ይገድለዋል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዘፍ፤ ኢንዛይሙ ቆርጦ ሲጨርስ ይድረቅ፤ ከዚያ ወደ መሣሪያው ይግባ።