ቦታ ሲሸነሸን ማን ያጽድቀው?

ሰቆጣ ውስጥ ተዳፋት መሬት ለቤት መሥሪያ ሊሸነሸን ነው እንበል። አንዱ ቦታ ወደ ቁልቁለቱ 20 ሜትር ይረዝማል። ተዳፋቱ 20 በመቶ ከሆነ ላይኛው ጫፍ ከታችኛው 4 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከአንድ ፎቅ ይበልጣል! ለክረምት ጎርፍ መውረጃ ካልተተወለት የታች ጎረቤት ቤት ይገባል።

ታዲያ ሽንሻኖውን ማን ያጽድቀው፦ የተመረጠ ምክር ቤት ወይስ ባለሙያ? የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣችው ሕግ ሥልጣኑን ከተመራጮች ወደ አስተዳደር ሠራተኞች አዛውራለች።

ነገሩን ለሁለት ክፈሉት። «ሜዳው መጫወቻ ይሁን ወይስ ቤት ይሠራበት?» ምርጫ ነው፤ ነዋሪው በተወካዩ ይወስን። «ሽንሻኖው የጸደቀውን ፕላን ተከትሏል?» ግን በሜትር ይለካል። እጅ ቢወጣም ባይወጣም 4 ሜትሩ ያው 4 ሜትር ነው፤ ስብሰባ መጠበቅ ምን ይጨምራል?

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ የሚያሸነሽነው ባለመሬቱ ነው፤ ባለሙያው የሌላ ሰው ሥራ ይመረምራል። በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ የከተማ ቦታ የሚሸነሽነው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የከተማ አስተዳደሩ ነው። ሥልጣኑ ለባለሙያ ቢሰጥ እንኳ የሸነሸነውና ያጸደቀው እጅ አንድ ከሆነ ስህተቱን ማን ያየዋል? ስለዚህ ነዳፊና መርማሪ ይለዩ፤ ውሳኔው ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ የታች ጎረቤትም አቤት የሚልበት በር ይኑረው።