ከጥልቁ ሲወጡ አይቸኮልም

የባሕር ጠላቂ ስናይ የሚያስፈራን መውረዱ ነው። እኔ ግን መውጣቱን እፈራዋለሁ።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሰውነታችን ሳይጠቀምበት መልሶ ያስወጣዋል። 10 ሜትር ጠልቀው ሲወርዱ ግን ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። በጀርባ ከታዘለው ሲሊንደር የሚሳበው አየርም በዚያው ግፊት ስለሚመጣ፣ ናይትሮጅኑ በደምና በስብ ውስጥ እየሟሟ ይከማቻል። ጠላቂው ምንም አይሰማውም። ቀስ ብሎ ከወጣ፣ ደሙ ጋዙን ወደ ሳንባ ይመልሰዋል፤ ጌታ ለሳንባ ይህን በር ሰጥቶታል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ከቸኮለ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት የምናየው ዓይነት አረፋ በገዛ ሥጋው ውስጥ ይነሣል። መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ሲከፋም ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም።

ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለ ሊቅ በፍየሎች ላይ ሞክሮ (ምስኪኖች!) በ1908 እ.ኤ.አ. በየደረጃው እያረፉ የመውጣትን ሥርዓት አሳተመ። ዛሬም ጠላቂዎች 5 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ለ3 ደቂቃ ይቆያሉ።

ጅቡቲ ሄዶ ሊጠልቅ ያሰበ ልጅ ካላችሁ ንገሩት፦ ደጋግሞ ከጠለቀ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና በመኪናም ቢመጣ አይቸኩል። ከተመለሰ በኋላ መገጣጠሚያው ካመመው ወይም እግሩ ከደነዘዘ፣ የመንገድ ድካም ነው ብላችሁ አታሳድሩት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ መጥለቁንም ይናገር።