ዘረ መል፣ ጭስና የወጣቶች ሳንባ በባሌ ደጋ

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ዕድሜያቸው የገፋና ለረጅም ዓመታት ሲጋራ ያጨሱ ሰዎችን ነው። ይሁንና ሕመሙ አርባ ዓመት ባልሞላቸው ሰዎችም ላይ ይታያል። ለመሆኑ ሳንባ ያለ ዕድሜው ለምን ይደክማል? በዚህ ጽሑፍ የዘር ውርስንና የአካባቢን ድርሻ ከሮቤ፣ ከጎባና ከዙሪያቸው ደጋ ጋር እያዛመድን እንመለከታለን።

ስስ አየርና ደም

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጎባ ተነሥተን ወደ ሳነቴ አምባ ስንወጣ ከፍታው 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። በ4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረ መል ጥናት የባሌ ደጋ ኦሮሞዎችንና የሰሜን ተራሮች አካባቢ አማሮችን አነጻጽሯል። በከፍታ ላይ ከሚኖሩት መካከል የባሌዎቹ የሄሞግሎቢን መጠን ከሰሜኖቹ በልጦ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ እንዳመለከቱት በሰሜን ተራሮች ከፍታ ሰው ቢያንስ ለ5,000 ዓመታት ሲኖር፣ ኦሮሞዎች በባሌ ከፍታ መኖር ከጀመሩ 500 ዓመት ያህል ነው። ከዚህ የምንረዳው ተመሳሳይ ስስ አየር የሚተነፍሱ ሰዎች አካል እንደየውርሱና እንደየኑሮ ታሪኩ የተለያየ ምላሽ እንደሚሰጥ ነው። በሳንባ ሕመም ረገድም ነገሩ ከዚህ ይመሳሰላል።

ጠባቂው ፕሮቲን ሲጎድል

ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሞችን ሲዋጉ ኤላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም ያመነጫሉ። ይህ ኢንዛይም ልጓም ካልተበጀለት የሳንባን የአየር ከረጢቶች ይበላል። ልጓሙ በጉበት የሚሠራው አልፋ 1 አንቲትሪፕሲን የተባለ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ በደማቸው ያነሰባቸው ሰዎች መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያስታወቁት ስዊድናውያኑ ላውሬልና ኤሪክሰን ናቸው።

መሥሪያው ዘረ መል በ14ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። አንድ ሰው ከእናቱም ከአባቱም ዜድ የተባለውን የተበላሸ ቅጂ ከወረሰ ፕሮቲኑ ተጣጥፎ በጉበት ውስጥ ይቀራል፤ ሳንባም ያለ ጠባቂ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ሲጋራ ካጨሰ ገና በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ካላጨሰ ግን ለብዙ ዓመታት በደኅና ሊኖር ይችላል። ዜድ በብዛት የሚገኘው ከሰሜን አውሮፓ በሚወለዱ ሰዎች ዘንድ ሲሆን በአፍሪካ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ በባሌ ያለውን የሳንባ ሕመም በዚህ አንድ ዘረ መል ብቻ ማስረዳት አንችልም።

ያላደገ ሳንባ

ሳንባ አቅሙን አሟልቶ የሚጨርሰው በ20 እና በ25 ዓመት መካከል ነው። በአሜሪካና በዴንማርክ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ገና በወጣትነታቸው የሳንባ አቅማቸው ዝቅተኛ ነበር። ከሕመሙ ጋር የተያያዙ ሌሎች ዘረ መሎችም አሉ። የእያንዳንዳቸው ድርሻ ጥቂት ቢሆንም አንዳንዶቹ ሳንባ በፅንስነት ሲቀረጽ ሥራ ያላቸው ናቸው።

በዚህ ላይ ጭስ ይጨመራል። የባሌ ደጋ ብርድ በር አዘግቶ እሳት ያስነድዳል፤ አስታው፣ ጥዱና ኩበቱ መስኮት በሌለው ቤት ይጨሳል። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ፣ ልጃገረድ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጭሱን ይምጋሉ። ሲጋራ በአፉ ያላስገባ ሰው በሳንባ ሕመም የሚያዝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ምን እናድርግ?

ለወራት የዘለቀ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ወጣት ለሳንባ ነቀርሳና ለአስም እንደሚመረመር ሁሉ፣ የትንፋሽን ኃይል በሚለካው ስፓይሮሜትር መመርመሩ ይጠቅመዋል። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በሳነቴ የሚያሳየው ቁጥርም በቆላ ከሚያሳየው ጋር አንድ ተደርጎ መነበብ የለበትም።

ከወላጆቻችን የወረስነውን ዘረ መል መምረጥ አንችልም። የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ መሥራት፣ መስኮት መክፈትና ሲጋራን አለመጀመር ግን በእጃችን ነው። በዓለም ላይ እስካሁን የተካሄዱት የዘረ መል ጥናቶች አብዛኞቹ በአውሮፓ ተወላጆች ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው፣ የባሌን ሳንባ በቅርብ የሚያጠና ባለሙያ ከዛሬዎቹ ተማሪዎች መካከል ይወጣል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።